ክብ ሥዕል፣ የሚያፈስ ማሳ

ሥዕሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከላይ ደመናና መብረቅ፣ ከታች ዛፍና የምትግጥ ላም፣ ከላሟ እግር ሥር ደግሞ «ባክቴሪያ» የሚል ቃል የተጻፈበት ቡናማ አፈር። ቀስቶቹ ከአየር ወደ አፈር ይወርዳሉ፤ ከአፈር ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ ላሟ ያልፋሉ፤ ላሟ እበት ስትጥል ወይም ስትሞት ወደ አፈር ይመለሳሉ፤ በመጨረሻም ጋዝ ሆነው ወደ ደመናው ይወጣሉ። ክቡ ተዘጋ፤ የናይትሮጅን ዑደት ማለት ይኼው ነው። ፈተና ላይ «ሥዕሉን ሠርተህ አስረዳ» ይባላል፤ ቀስቶቹን በትክክል ያዞረ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። እኔም እንዲህ ተምሬ፣ እንዲሁ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ።

ዛሬ ይህን ሥዕል መተቸት እፈልጋለሁ። ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀስት ለየብቻው ሲታይ እውነት ነው። ችግሩ ሥዕሉ ለጫካ የሚሆን ሆኖ ሳለ፣ ስለ ማሳ ስንጠየቅም እሱኑ አውጥተን ማሳየታችን ነው። ማዳበሪያ የሚገባበት፣ እህል በጆንያ የሚወጣበት፣ የነሐሴ ዝናብ የሚወርድበት ማሳ ክብ አይደለም።

ይህ የገባኝ በመጽሐፍ አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም የሚኖር አጎቴ ሁለት ማሳ አለው፤ አንዱ ተዳፋት ላይ ያለ ቀይ አፈር፣ ሌላው ከታች ሜዳው ላይ ያለ ዋልካ። አንድ መስቀል ልጠይቀው ሄጄ «አንተ አፈር ተምሬያለሁ ትላለህ፤ እስቲ ንገረኝ» አለኝ። «ድሮ በአንድ ኩንታል ይሰጠኝ የነበረው መሬት አሁን ሁለት ብጨምርበትም ያንኑ አይሰጠኝም። መሬቱ ማዳበሪያ ለመደ።» ይህን አባባል ገጠር የሄደ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እኛ የተማርነው ሰዎች ደግሞ ስንሰማው ፈገግ እንላለን። እኔም ፈገግ ብዬ «ጋሼ፣ አፈር እኮ ሱስ የለውም» አልኩና በእንጨት መሬት ላይ ያንን ክብ ሣልኩለት። ቀስቶቹን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «እና የሚዞር ከሆነ ለምን ያልቃል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ዕዳ ነው።

በቁጥር እንጀምር፤ ሥዕሉ ላይ አንድም ቁጥር የለምና። መብረቁ ከሁሉ በላይ ጎልቶ ይሣላል፤ ነገር ግን መብረቅ በዓመት ለአንድ ሄክታር የሚያወርደው ናይትሮጅን ቢበዛ ጥቂት ኪሎ ነው። በሌላ በኩል አንድ የ50 ኪሎ ዩሪያ ከረጢት 46 ከመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 23 ኪሎ ይዟል፤ ሥዕሉ ላይ ግን ከረጢት የለም። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የተሰጠው ምክር ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር። በናይትሮጅን ስናሰላው ከዳፑ 18፣ ከዩሪያው 46፣ በድምሩ 64 ኪሎ ይመጣል። አሁን ደግሞ የሚወጣውን እንይ። ሄክታሩ 30 ኩንታል ስንዴ ቢሰጥና ፍሬው 2 ከመቶ ያህል ናይትሮጅን ቢይዝ፣ 60 ኪሎ ናይትሮጅን በጆንያ ታስሮ ከማሳው ወጣ ማለት ነው። ገለባውን ገና አልቆጠርንም። ይህ ናይትሮጅን ወደ ገበያ፣ ወደ ከተማ፣ በመጨረሻም ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል። ወደ አጎቴ ማሳ የሚመልሰው ቀስት የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ግን አፈሩ ራሱ ውስጥ ያለው ነው። የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር በሄክታር 2,400 ቶን ያህል ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ናይትሮጅኑ አንድ ሺህኛ ብቻ ነው ብንል እንኳ 2,400 ኪሎ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም በብስባሹ ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ነው፤ ተክል አይደርስበትም። ረቂቅ ሕያዋን ብስባሹን ሲበሉ በዓመት ከ1 እስከ 3 ከመቶ ያህሉን ይፈቱታል፤ ማለትም ከ24 እስከ 72 ኪሎ። አስተውሉ፦ በከረጢት ከምንጨምረው ጋር የሚቀራረብ ነው። አፈሩ ጎተራ ነው፤ ማዳበሪያው በጎተራው አፍ ላይ የሚጨመር እፍኝ። አጎቴ ድሮ በአንድ ኩንታል ያገኘው ምርት የአንድ ኩንታል ምርት ብቻ አልነበረም፤ ከጎተራው የተቀዳም ነበረበት።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ፣ ብሮድባልክ የተባለ ማሳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ስንዴ እየተዘራ ይጠናል። እዚያ ተመራማሪዎች በክብደቱ የሚለይ ናይትሮጅን (ናይትሮጅን 15 ይባላል) በማዳበሪያ መልክ ጨምረው የት እንደደረሰ ተከታትለዋል። ካገኙት ነገር አንዱ ሰውን ያስገረመ ነበር፦ ማዳበሪያው በልኩና በጊዜው ከተጨመረ፣ ከመኸር በኋላ አፈር ውስጥ ተገኝቶ በክረምቱ ዝናብ ሊታጠብ ከሚችለው ናይትሬት ውስጥ አብዛኛው የዚያ ዓመት ማዳበሪያ ትራፊ አልነበረም። ከብስባሹ የተፈታ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገርም መተቸት አለበት። «ከማዳበሪያው ሁለት ሦስተኛው ይባክናል» የሚለውን አባባል በየስብሰባው ትሰሙታላችሁ። ምንጩ ብዙ ጊዜ ዊልያም ራውንና ጎርደን ጆንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ስሌት ነው፤ በዓለም ደረጃ የእህል ሰብሎች ከሚጨመርላቸው ናይትሮጅን በፍሬ መልክ የሚገኘው 33 ከመቶ ያህል ነው ብለው ነበር። ስሌቱ ጠቃሚ ነው። ችግሩ ቀሪውን 67 ከመቶ ወዲያው «ኪሳራ» ብሎ መጥራት ላይ ነው። የተወሰነው ገለባ ውስጥ አለ፤ የተወሰነው ሥር ውስጥ አለ፤ የተወሰነው ደግሞ ብስባሹ ውስጥ ገብቶ ጎተራውን ሞልቷል። ፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ጊዜ ብቻ ማሳ ላይ የተጨመረ ምልክት ያለው ናይትሬት ለሠላሳ ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎበት ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰብሎች በድምሩ ከ61 እስከ 65 ከመቶውን ወስደዋል፤ ከ12 እስከ 15 ከመቶው ገና አፈር ውስጥ ነበር፤ ከ8 እስከ 12 ከመቶው ደግሞ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሰርጓል፤ መስረጉም ገና አላቆመም ነበር። አንድ ጊዜ የተነሰነሰ ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይገባል፣ ይወጣል። ይህንን «ሁለት ሦስተኛው ባከነ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይይዘውም፤ የእኛ ክብ ሥዕልም አይይዘውም፤ ሰዓት የለበትምና።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ እስቲ በሐምሌ ስንዴ ላይ የተነሰነሰ ዩሪያን በቀን በቀኑ እንከተለው።

ነጫጮቹ ፍሬዎች በጤዛ ብቻ ይሟሟሉ። አፈር ውስጥ ዩሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዩሪያውን ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰብረዋል። በእያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያ ያለው አፈር ለጊዜው አልካላይን ስለሚሆን አሞኒያው ጋዝ ሆኖ ለመብረር ይዘጋጃል። በጠዋት የከብት በረት የከፈተ ሰው ዓይን የሚያቃጥለውን ያንን ሽታ ያውቀዋል፤ ነገሩ አንድ ነው። ዩሪያው አፈር ሳይለብስ ላይ ላዩን ከቀረ፣ እንደ ሙቀቱና እንደ እርጥበቱ፣ በዚህ መንገድ ከጥቂት ከመቶ አንስቶ እስከ 40 ከመቶ ሊያመልጥ ይችላል። አፈር ከለበሰ፣ ወይም በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ደህና ዝናብ ከወረደበት ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። እዚያ አሞኒየም ይሆናል፤ አሞኒየም ፖዘቲቭ ሙል ስላለው፣ የሸክላው ቅንጣት ደግሞ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ ተጣብቆ ይቀመጣል። ስለዚህ ዩሪያ ነስንሶ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ገበሬ ልክ ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን አሸዋና የኖራ ድንጋይ በሞላ ቱቦ ውስጥ የፍሳሽ ቆሻሻ ውሃ አንጠባጠቡ። ለሃያ ቀን ያህል ምንም አልታየም። ከዚያ አሞኒያው ናይትሬት እየሆነ መውጣት ጀመረ። የክሎሮፎርም ጢስ ሲያስገቡበት ቆመ። ክሎሮፎርም የሚያደነዝዘው ሕያው ነገርን ስለሆነ፣ ሥራውን የሚሠሩት ሕያዋን መሆናቸው በዚህ ታወቀ። (እኔ ተማሪ ሆኜ ይህንን ሙከራ ማንም አልነገረኝም፤ የባክቴሪያዎቹን የላቲን ስም ግን ሸምድጃለሁ።) እነዚሁ ሕያዋን የአጎቴን አሞኒየም በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት ኔጌቲቭ ነው። ሸክላው አይዘውም። ውሃ በሄደበት ይሄዳል።

አሁን ነሐሴ ገብቷል። ቀዩ ተዳፋት ላይ ዝናቡ ናይትሬቱን ይዞ ከሥር በታች ይወርዳል። ዋልካው ላይ ደግሞ ውሃው ይተኛል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፤ ኦክስጅን ያጡ ባክቴሪያዎች በናይትሬቱ መተንፈስ ይጀምራሉ። ውጤቱ ናይትሮጅን ጋዝ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያህል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ገበሬው የሚያየው ስንዴው ቢጫ መሆኑን ብቻ ነው። ቢጫ ሲያይ «ማዳበሪያ አነሰው» ይላል፤ ይጨምራል። የጨመረውም ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ነው።

ያው ዝናብ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ወዳጅ፣ በሃያኛው ቀን ሌባ። በእኛ ሥዕል ግን ደመናው የተሣለው ለመብረቁ ሲባል ብቻ ነው፤ አይዘንብም።

ዩሪያውን ከፍሎ ግማሹን ሲዘሩ፣ ግማሹን ሰብሉ አገዳ ሳያወጣ መጨመር የሚለው ምክር ትርጉሙ ይኼው ነው። ገና የበቀለ ስንዴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበላው በጣም ጥቂት ነው፤ ያልበላውን ነሐሴ ይበላዋል። ለጤፍማ ሌላም ችግር አለው፤ በአንዴ ከበዛበት ይጋሸባል። ምክሩ ጥሩ ነው። ግን ምክንያቱን ሳንነግር ምክሩን ብቻ ስለምንሰጥ፣ የጉልበት እጥረት ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ዋልካ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ውሃውን ማጠንፈፍ ይቀድማል፤ በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች መሬቱን በመደብና በቦይ እየከፈሉ በእጃቸው ሲሠሩት ኖረዋል። ናይትሮጅን ይቆጥባል ብሎ ያስተማራቸው የለም፤ ይቆጥባል ግን።

አሁን ወደ ላሟ። ክቡን የሚዘጋው የእሷ ቀስት ነው፤ በእኛ ደጋ ተሰብሮ የሚገኘውም እሱ ነው። ከብት ከሚበላው ናይትሮጅን አብዛኛው በእበትና በሽንት ተመልሶ ይወጣል፤ እስከዚህ ሥዕሉ ልክ ነው። ገለባው ግን ከአውድማ ወደ ከብቱ ይሄዳል፤ የከብቱ እበት በሴቶችና በልጆች እጅ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱ ምድጃ ይገባል። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል። አመዱን ብትመልሱት ፎስፈረስና ፖታስየም ታገኛላችሁ፤ ናይትሮጅን ግን የለም። በየዓመቱ ከጎተራው ይቀዳል፣ ወደ ጎተራው አይገባም። ብስባሹ ሲመናመን በዓመት የሚፈታውም አብሮ ይቀንሳል። አጎቴ የሚጨምረው ሁለተኛ ኩንታል ከጎተራው የጎደለውን ይተካል እንጂ ምርት አይጨምርም። «መሬቱ ለመደ» ማለት ይህ ከሆነ፣ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ለቀዩ ማሳ ግን ሌላ ምክንያትም አለ። አሞኒየም ወደ ናይትሬት ሲቀየር አሲድ ይለቃል። ናይትሬቱን ተክሉ ቢበላው፣ በሚበላበት ጊዜ ከዚያ አሲድ ከፊሉን ያረግበዋል። ናይትሬቱ ከታጠበ ግን አሲዱ ይቀራል፤ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ደግሞ ናይትሬቱን ተከትለው ይወርዳሉ። መፍሰሱና መኮምጠጡ ሁለት ጉዳይ አይደሉም፤ አንድ ክስተት ናቸው። እዚያው ሮታምስቴድ ፓርክ ግራስ በሚባለው የሣር መስክ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ አሞኒየም ሰልፌት እየተጨመረባቸው ኖራ ያላገኙ ቦታዎች ፒኤች ወደ 3.5 ገደማ ወርዷል። አሞኒየም ሰልፌት ከዩሪያ ይበልጥ ያኮመጥጣል፤ የእኛ ደጋ አፈርም ማዳበሪያ ሳይነካው በዝናብ ብዛት ብቻ ሊኮመጥጥ ይችላል፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ዩሪያ ላይ መጫን ልክ አይሆንም። ግን ይጨምርበታል። አፈር ሲኮመጥጥ አሉሚንየም ይሟሟል፤ አሉሚንየም ሥርን ያሳጥራል፤ አጭር ሥር ናይትሬቱን አይደርስበትም፤ ያልተደረሰበት ናይትሬት ይታጠባል፤ ሲታጠብ አፈሩ ይበልጥ ይኮመጥጣል። ክብ ከፈለጋችሁ፣ ማሳው ላይ ያለው ክብ ይህ ነው። በየትኛውም የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሥሎ አላየሁትም።

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ «ታዲያ ኬሚካሉን ትተን ወደ ኮምፖስት እንመለስ» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ለእሱም ትችት አለኝ። ተክል ከእበት የመጣን ናይትሬት ከዩሪያ ከመጣው አይለይም፤ የእበቱም ናይትሬት በነሐሴ ይታጠባል። ሂሳቡንም እንሥራው፦ አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። 1 ከመቶ ናይትሮጅን ያለው ደረቅ ኮምፖስት ያንን ለመተካት 4.6 ቶን ያስፈልጋል፤ ያውም በመጀመሪያው ዓመት የሚፈታው ከፊሉ ብቻ ነው። ለአንድ ሄክታር 46 ኩንታል ኮምፖስት ከየት ይመጣል? ገለባው ከብቱ ሆድ፣ እበቱ ምድጃ ውስጥ ነው። ኮምፖስት ጎተራውን ይሞላል፤ የአፈሩን ጠባይ ያስተካክላል፤ እደግፈዋለሁ። ግን እንደ መፈክር ሲነገር፣ ልክ እንደ ክቡ ሥዕል፣ ቁጥር የሌለው ነገር ይሆናል።

የአፈር ካርታውስ? ያለፉት ዓመታት ትልቁ ለውጥ የአገሪቱ አፈር ተጠንቶ ዳፕ በኤንፒኤስና በመሳሰሉት ቅልቅሎች መተካቱ ነው። ለፎስፈረስ ካርታ ተገቢ ነው፤ እሱ ባለበት ይቆያልና። ናይትሬት ግን ዛሬ ለክታችሁት ከሦስት ሳምንት ዝናብ በኋላ ሌላ ቁጥር ነው። በካርታ ላይ ቀለም ቀብቶ «እዚህ ይህን ያህል ናይትሮጅን» ማለት፣ የወንዝን ከፍታ አንድ ቀን ለክቶ ለሁልጊዜ እንደመጻፍ ይመስለኛል። ቢያንስ ተዳፋቱንና ሜዳውን፣ ከባቄላ በኋላ የተዘራውንና ስንዴ በስንዴ ላይ የተዘራውን የሚለይ ምክር ያስፈልጋል። የአጎቴ ሁለት ማሳዎች በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው የሚራራቁት፤ ናይትሮጅናቸው የሚያመልጥበት በር ግን ለየቅል ነው።

ባለፈው ሰሞን ደወልኩለትና ዕዳዬን ለመክፈል ሞከርኩ። ለቀዩ መጀመሪያ ኖራ፣ ከዚያ በስንዴው ፈንታ ባቄላ እያፈራረቀ እንዲዘራ፤ ለዋልካው ቦይ፤ ዩሪያውን ለሁለት ከፍሎ አፈር እንዲያለብሰው፤ እበቱን ደግሞ ወደ ማሳው እንዲመልስ ነገርኩት። ረጋ ብሎ ሰማኝ።

«ኖራውንም ቦዩንም እሺ» አለ። «ኩበቱን ማሳ ላይ ካፈሰስሁት ግን እንጀራው በምን ይጋገራል?»